ፍሉኦክሰቲን በጠዋት፣ አሚትሪፕቲሊን በማታ

ለድባቴ ሕመም በብዛት የሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ የሚወሰዱ ቢሆኑም፣ ሰዓታቸው ግን ይለያያል። ፍሉኦክሰቲን አንዳንድ ሰዎችን እንቅልፍ ስለሚነሳ ጠዋት ይመረጣል፤ የተለመደው መነሻ መጠን 20 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ሊዋጥ ይችላል። ከሰውነት ተጠርጎ ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅበት የአንድ ቀን መርሳት እምብዛም አያስከፋም፤ ያንን ለማካካስ ብሎ በማግስቱ እጥፍ መዋጥ ግን አይገባም።

አሚትሪፕቲሊን በአንጻሩ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ከመኝታ በፊት ይወሰዳል። አፍና ሆድ ያደርቃል፤ ሌሊት ለሽንት የሚነሳ ሰው፣ በተለይ አረጋዊ ከሆነ፣ አዙሮት እንዳይወድቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተቀምጦ ቢነሳ መልካም ነው። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ከታዘዘው በላይ ሲወሰድ ልብን ክፉኛ የሚጎዳ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ታማሚ፣ ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ካላየ በስተቀር፣ ፍሉኦክሰቲን ቢቀድም የተሻለ ይመስለኛል።

የሁለቱም ውጤት በደንብ እስኪታይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ መተው ሕክምናውን ገና ሳይጀምር ያቋርጠዋል። ማቆም ሲያስፈልግም መጠኑ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀነሳል።