ከመርፌው በፊት ብዙ የሚጠይቅ የጥርስ ክሊኒክ

እናቴ የመንጋጋ ጥርሷን ያስነቀለችበትን ክሊኒክ ሰው የሚያወድሰው በአዳዲስ ዕቃዎቹ ነው። እኔ ግን የወደድኩት ጥያቄ ስለሚያበዛ ነው። እናቴ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። መርፌ ስታይ ደግሞ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ በደም ሥር በሚሰጥ ማረጋጊያ እንዲነቀልላት ተስማማን።

ሐኪሟ ገና በቀጠሮው የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው እንድናመጣ ነገረችን። ስም መናገር አይበቃም አለች። አንድ በአንድ እያገላበጠች አየችና «እማማ፣ ለእንቅልፍ የሚወስዱት ነገር አለ? የባህል መድኃኒትስ?» ብላ ጠየቀቻት። ጥያቄው ለወግ አይደለም። የእንቅልፍ መድኃኒት ከማረጋጊያው ጋር ሲደራረብ ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል።

ዋርፋሪኑን አቁሚ ይሏታል ብዬ ነበር። አላሉም። እንዲሁ ሲቋረጥ ደም የመርጋት አደጋ ያመጣል፤ ስለዚህ ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ አይኤንአርን፣ አሠሩላት። ከ4 በታች ከሆነ ቀላል ነቀላ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይሠራል፣ ደሙም በስፌትና ተነክሶ በሚያዝ ፋሻ ይቆማል።

ማረጋጊያው ሚዳዞላም ነበር። ጥቂት ይሰጧትና ይጠብቃሉ፣ ያዩዋታል፣ እንደገና ጥቂት። በዕድሜ ለገፋ ሰው ትንሹ መጠን ስለሚበቃ እንዲህ መዘግየታቸው ደስ አለኝ። ከሁሉ በላይ ያሳመነችኝ ግን ጥርሱን የማትነካዋ ነርስ ናት። ሥራዋ እናቴን መከታተል ብቻ ነው፦ ጣቷ ላይ የተሰካው መሣሪያ የሚያሳየውን ኦክስጅን፣ የደም ግፊቷን፣ የደረቷን እንቅስቃሴ። በየመሃሉ «እማማ፣ ይሰሙኛል?» ትላለች፣ እናቴም ዓይኗን ሳትገልጥ «እህ» ትላለች። ያቺ «እህ» ትልቅ ነገር ናት። ታካሚው ለድምፅ መልስ መስጠት ካቆመ ከታሰበው በላይ ጠልቆ ተኝቷል ማለት ነው። ኦክስጅኑም፣ የሚዳዞላምን ሥራ የሚመልሰው ፍሉማዜኒልም አጠገባቸው ተዘጋጅቶ ነበር።

ማረጋጊያ ሕመም አያጠፋም፤ የሚያደነዝዘው መርፌ ለብቻው ይወጋል። እዚህም ቀድመው መዝነዋታል፣ ምክንያቱም የማደንዘዣው የሊዶኬይን ጣሪያ የሚሰላው በክብደት ነው። 1.8 ሚሊ ሊትር የምትይዘው ባለ 2 በመቶ ካርትሪጅ (የማደንዘዣው ትንሽ ብልቃጥ) 36 ሚሊ ግራም አላት፣ እነሱም የተጠቀሙትን እያንዳንዷን ጻፉ።

አሁን ቅሬታዬ። ስንወጣ የሰጡን ወረቀት «ማስታገሻ እንደ አስፈላጊነቱ» ይላል፣ በቃ። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ይህ በጣም አደገኛ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አይቡፕሮፌን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ከሱ ጋር ደም መፍሰስን ያባብሳል። በቃል «ፓራሲታሞል ብቻ» ብለዋታል፣ ግን ሚዳዞላም ትዝታ ያጠፋል፣ እናቴ ቤት ስትደርስ አንድም ቃል አታስታውስም ነበር። መመሪያው ለአጃቢው፣ በጽሑፍ፣ በመድኃኒት ስም መሰጠት አለበት። ፓራሲታሞልም ገደብ አለው፦ ለጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይበልጥም፣ አቅም ለደከመ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፣ በብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ስላለም ሳይታወቅ ይደራረባል። ደውዬ ስነግራቸው አልተከራከሩም፣ አስተካክለው ላኩልኝ። ጥሩ፣ ግን ቀድሞ መኖር ነበረበት።

አንቲባዮቲክ ደግሞ አላዘዙም፣ ኢንፌክሽን ስላልነበራት። እዚህ ላይ ክብር ይገባቸዋል። ለጥርስ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ከፍ ያደርጋል፤ «ለማንኛውም» ተብሎ የሚሰጥ አይደለም።

ለማረጋጊያ ወደዚህ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው መድኃኒቶቹን ይዞ ይሂድ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ምግብና ውኃ ማቆም እንዳለበት አስቀድሞ ይጠይቅ፣ አብሮት የሚያድር አዋቂ ያዘጋጅ። እስከ 24 ሰዓት መኪና መንዳትም ሆነ ውል መፈረም የለም። የመውጫ ወረቀቱ ላይም የማስታገሻው ስም በግልጽ እስኪጻፍ ድረስ ከዚያ አይነሳ።