ባለ87 ቁልፍ የጌም ኪቦርድ ከ10 ወር በኋላ፦ ስዊቹ ሳይሆን ሺፍቱ

ስዊቹ፣ ማለትም ከየቁልፉ ሥር ሆኖ ምቱን የሚቀበለው አካል፣ ቀይ የሚባለው ዓይነት ነው። 45 ግራም ገደማ ሲጫኑት 2 ሚሊሜትር ወርዶ ምቱን ይመዘግባል፣ መጨረሻው 4 ሚሊሜትር ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ሐምሌ ቀን አማርኛ ሲጻፍበት፣ ማታ ጌም ሲጫወቱበት ከርሟል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 50 ሚሊዮን ምት ይችላል የሚለው ነው። ይችል ይሆናል፤ ግን እዚያ ሳይደረስ ሌላው አካል ይደክማል።

ቀድሞ መንቀጫቀጭ የጀመረው ግራ ሺፍት ነው። ጌም ላይ ለሩጫ ሲያዝ ይውላል፣ በፎነቲክ (አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ) ስንጽፍ ደግሞ ጠ፣ ጨ፣ ኘ እና ጰ ያለ ሺፍት አይገኙም። «ጠጪ» ብቻ ሁለት ጊዜ ያስጫናል። ረጃጅሞቹ ቁልፎች፣ ማለትም ስፔስ፣ ኢንተር፣ ባክስፔስና ሁለቱ ሺፍቶች፣ ከሥራቸው ሁለቱን ጫፍ እኩል የሚያወርድ ቀጭን ሽቦ አላቸው። የፋብሪካው ቅባት ላይ የጎንደር የበጋ አቧራ ሲለጠፍበት ቅባቱ ይደርቃል፣ ሽቦው ፕላስቲኩ ውስጥ ይንኳኳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኮፍያውን (ጣት የሚያርፍበትን የቁልፉን ክዳን) ሳያዘነብሉ ቀጥ አድርጎ መንቀል፣ የሽቦውን ሁለት ጫፍ በጥጥ መጥረግ፣ በየጫፉ የግማሽ ምስር ያህል የሲሊኮን ግሪስ መቀባት። ለካንዴላ ኮፍያ የሚሆነውን ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ መጠየቅ ነው። ቫዝሊን ግን አይሞከር፤ አቧራ ሰብስቦ ከበፊቱ ያብሳል።

ግንቦት ላይ «ኤ» አንዴ ሲነካ ሁለቴ መጻፍ ጀመረ። የስዊቹ የውስጥ መነካኪያ ሲቆሽሽ የሚመጣ ነው። ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀል ዓይነት ስለሆነ የስክሮል ሎክን ስዊች አውጥቶ «ኤ» ላይ መትከል በቂ ነበር፤ ስክሮል ሎክን ማን ይነካዋል? ሲተከል ግን ሁለቱ የመዳብ እግሮች ቀጥ ማለታቸው ይታይ። የጎበጠ ካለ በወረንጦ ይቅና፣ ከዚያ ስዊቹ ሳያጋድል ይጫን። በጉልበት ከተገፋ እግሩ ይታጠፍና ቁልፉ ጭራሽ አይሠራም፤ ብዙ ሰው ይህን ቦርድ ተቃጠለ ብሎ ይጥለዋል።

የላይኛው አሉሚኒየም አልጎበጠም። ገመዱ ተነቃይ ታይፕ ሲ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፣ ቢበጠስ ገመድ ብቻ ይገዛል። የታችኛው ፕላስቲክ ባዶ ድምፅ አለው። መብራት ሲጠፋና ላፕቶፑ በባትሪ ሲሆን የኪቦርዱን መብራት ማጥፋት ይሻላል፤ በተለይ ነጩ ሦስቱንም ቀለም አንድ ላይ ስለሚያበራ ባትሪ ይበላል።

ኮፍያዎቹ ኤቢኤስ ፕላስቲክ ናቸው፣ ድክመታቸው እዚህ ላይ ነው። በአራት ወር ውስጥ የጌም መሄጃዎቹ አራት ቁልፎችና ስፔስ በጣት ፍትጊያ አብለጭልጨዋል፣ በሳሙናም አይለቅም፤ ቆሻሻ ሳይሆን የተላገ ፕላስቲክ ነውና። ፒቢቲ ከሚባለው፣ ቶሎ ከማይላገው ፕላስቲክ የተሠራ ኮፍያ ቢገኝ ልዩነቱን ከፍሎ እሱን መውሰድ ነው። ለማጠብ የሚነቅል ሰው አስቀድሞ ፎቶ ያንሳ፣ ከዚያም ሙሉ ቀን ያድርቃቸው፦ ውኃው የሚቀረው ስዊቹ በሚገባበት የመስቀል ቀዳዳ ውስጥ ነው፣ ከላይ ሲያዩት ደርቋል።