«ኤች-አልፋ» የተባለ ማጣሪያ ሁሉ የፀሐይ ማጣሪያ አይደለም፤ ገዢዎች ተጠንቀቁ

ፀሐይን በቴሌስኮፕ ፎቶግራፍ የምታነሱ ወይም ለመጀመር ያሰባችሁ ሁሉ፣ ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡባቸው የቴሌግራም ገበያዎች «ለፀሐይ የሚሆን ኤች-አልፋ ማጣሪያ» የሚል ማስታወቂያ (የሃይድሮጂንን ቀይ ብርሃን የሚያሳልፍ ማጣሪያ ማለት ነው) ስታዩ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። እኔ 28,000 ብር ከፍዬ የገዛሁት ማጣሪያ ለፀሐይ የተሠራ አልነበረም። ሻጩ በነገረኝ መንገድ ተጠቅሜበት ቢሆን ኖሮ ደግሞ የማጣው ገንዘቤን ብቻ አይሆንም ነበር።

በዚህ ነገር የተለከፍኩት ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበታዊው የፀሐይ ግርዶሽ ከታየ ወዲህ ነው። 80 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ አለኝ፤ በፊቱ ላይ ብርሃኗን የሚቀንስ የፀሐይ ፊልም እየገጠምኩ ነጠብጣቦቿን ለዓመታት ሳነሳ ቆይቻለሁ። ፊልሙ ግን የማያሳየው ነገር አለ፤ ከፀሐይ ጠርዝ ተነሥተው የሚንሳፈፉትን የሃይድሮጂን ነበልባሎች አያሳይም። በማስታወቂያው ላይ የተለጠፈው ፎቶ ልቤን የሰረቀውም በዚህ ምክንያት ነው። በጥቁር ሰማይ ላይ ቀይ ፀሐይ፣ በግራ ጠርዟ በኩል ደግሞ እንደ ጀበና እጀታ የታጠፈ ትልቅ ነበልባል ይታይ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያ፣ ትንሹ እንኳ፣ አዲሱ ወደ ሺህ ዶላር እንደሚጠጋ አውቅ ስለነበር ዋጋው ሊያስጠረጥረኝ በተገባ ነበር፤ እኔ ግን ያገለገለ ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ዕቃው ሲደርሰኝ በጣት የሚያዝ፣ ከብርጭቆ አፍ ያነሰ፣ ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ «አይፒሱ ላይ ጠምዝዘው ፀሐይዋን ማየት ነው፤ ፊልሙ አያስፈልግዎትም» ብሎኝ ነበር፤ አይፒስ ዓይን የሚጠጋበት የቴሌስኮፑ ሌንስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በረንዳዬ ላይ እንዳለኝ ገጠምኩት። ዓይኔን ከማስጠጋቴ በፊት ግን፣ አዲስ ዕቃ ስሞክር ሁልጊዜ እንደማደርገው፣ ከአይፒሱ ኋላ ነጭ ወረቀት ያዝኩ። ወረቀቱ ላይ የወደቀው ቀይ ነጥብ ራሱ ዓይን የሚወጋ ነበር። ቴሌስኮፑን ወዲያው ከፀሐይ አዞርኩና ቀለበቱን ነቅዬ ጠርዙን በእጅ ባትሪ አየሁት፤ በደቃቁ የተቀረጸው ጽሑፍ «ኤች-አልፋ 7 ናኖ ሜትር» ይላል።

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህች ቁጥር ውስጥ ነው። ኤች-አልፋ የሚባለው ሃይድሮጂን በ656.28 ናኖ ሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) ላይ የሚሰጠው ቀይ ብርሃን ነው። የሌሊት ሰማይ ፎቶ አንሺዎች የጋዝ ደመናዎችን ከከተማ መብራት ለይተው ለማውጣት በዚህ ቀለም ዙሪያ 7 ወይም 12 ናኖ ሜትር ስፋት ያለውን የቀለም ክልል ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ይጠቀማሉ፤ ለዚያ ሥራ ጥሩ ዕቃ ነው። ለፀሐይ ግን የሚያስፈልገው ስፋት በአንግስትሮም የሚለካ ሲሆን፣ 1 አንግስትሮም የናኖ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው። የታወቁት የፀሐይ ማጣሪያዎች 0.7 አንግስትሮም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። እኔ የገዛሁት 70 አንግስትሮም ስለሆነ መቶ እጥፍ ይሰፋል ማለት ነው። በዚህ ስፋት የሚገባው የፀሐይ ገጽ ብርሃን ነበልባሎቹን ፈጽሞ ይውጣቸዋል፤ ስለዚህ በፊት ለፊት ፊልም ጨምሬ ዓይኔን ብጠብቅ እንኳ የማገኘው ደብዛዛ ቀይ ክብ ብቻ ነው። ያለ ፊልም ደግሞ በ656 ላይ ያለውን ብርሃን አብዛኛውን ሳይቀንስ፣ ቴሌስኮፑ እንደሰበሰበው ወደ ዓይን ያሳልፈዋል። ሬቲና የሕመም ስሜት ስለሌለው ሲቃጠል አይሰማም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው።

ሻጩን ደውዬ ስነግረው አልደነገጠም። «ጋሼ፣ እኔ ኤች-አልፋ ነው አልኩዎት፤ ኤች-አልፋ አይደለም እንዴ?» አለኝ። በቃል ደረጃ አልዋሸም፤ ፎቶውም «ለማሳያ» የተለጠፈ ነው አለ። ገንዘቤን አልመለሰም፤ ሁለተኛ ስደውል ስልኩ አይነሳም። የውል ወረቀት አልነበረንም፤ ክፍያውም በባንክ ዝውውር የተላከ፣ ምክንያቱ ያልተጻፈበት ነው። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

ከዚህ በኋላ የምገዛ ብሆን የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስፋቱ ስንት ነው የሚል ይሆናል፤ በናኖ ሜትር የተነገረ ሁሉ የሌሊት ዕቃ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ምን ምን ክፍል አብሮት እንዳለ ነው። እውነተኛው የፀሐይ ኤች-አልፋ መሣሪያ አንድ ቀለበት አይደለም፤ ሙቀቱን ከፊት የሚመልስ ማጣሪያ፣ ኤታሎን የሚባለው እጅግ በትክክል የተቀራረበ ባለ ሁለት መስታወት ክፍል፣ ከኋላ ደግሞ ሌላውን ቀለም የሚዘጋ ማጣሪያ ይኖረዋል። ኤታሎኑ ብቻውን አንድ ቀለም ሳይሆን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ብዙ ቀለሞችን ስለሚያሳልፍ፣ የሚዘጋው ክፍል ጠፍቶበት በርካሽ የሚሸጥ ኤታሎን የእኔን ያህል አደገኛ ነው። ያገለገለ ሙሉ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ያለውን ማጣሪያ በባትሪ ብርሃን እዩት። በአንዳንድ የቆዩ መሣሪያዎች ላይ ከእነዚህ መስታወቶች አንዱ በዕድሜ ብዛት እንደ ወተት ይደፈርሳል፤ ፀሐይዋ በውስጡ ጨልማና ደብዝዛ ትታያለች።

ከሁሉ በላይ የምመክረው ግን ሻጩ በዚያው ዕቃ ዛሬ ያነሳውን ፎቶ እንዲልክላችሁ መጠየቅ ነው። ጎንግ የተባለው የምልከታ መረብ በዓለም ዙሪያ ባሉት 6 ጣቢያዎቹ ፀሐይን በኤች-አልፋ እያነሳ ምስሎቹን በነጻ በኢንተርኔት ያወጣል። ነበልባሎች ከቀን ቀን ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ የሻጩ ፎቶ የዛሬ ከሆነ በጠርዙ ያሉት ነበልባሎች ከጎንግ ምስል ጋር መገጣጠም አለባቸው። በቴሌስኮፑ ዓይነት ምክንያት ምስሉ ሊገለበጥ እንደሚችል አስታውሳችሁ አዙራችሁ አነጻጽሩ። ፎቶውን መላክ ያልቻለ ሻጭ ምክንያቱ ደመና ነው ካለ ነገ ይላክ፤ በበጋ አዲስ አበባ ላይ ደመና ሳምንት ሙሉ እምብዛም አይቆይም።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ሌላ ዕቃ አለ። ለካሜራ የሚሠራው «ኤንዲ 1000» የተባለ ጥቁር መስታወትም «የፀሐይ ፊልተር» እየተባለ ይሸጣል። ይህ የሚያሳልፈው ከሺህ አንዱን ብርሃን ሲሆን፣ ለዓይን የሚሆነው የፀሐይ ፊልም ግን ከመቶ ሺህ አንዱን ብቻ ነው። ፊልሙም ቢሆን ሁለት ዓይነት አለው። 5.0 የሚል ቁጥር ያለው ለማየት ይሆናል፤ 3.8 የሚለው ለፎቶግራፍ ብቻ የተሠራና 16 እጥፍ ያህል ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ተቆርጦ በካርቶን ተለብጦ ያለ ቁጥር ከተሸጠ የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ቁጥሩ የሌለበትን አትግዙ።

ይህን አሁን የምጽፈው ገበያው ሊሞቅ ስለሆነ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በግብፅ ሉክሶር ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል፤ ጅዳና መካም ሙሉው ግርዶሽ በሚያልፍበት መስመር ላይ ስላሉ በሁለቱ የሳዑዲ ከተሞች የምትኖሩ ወገኖች ከቤታችሁ ሳትርቁ ታዩታላችሁ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በከፊል ይታያል። ለዚያ ቀን ኤች-አልፋ የሚባል ነገር ጨርሶ አያስፈልጋችሁም። ለከፊሉ ጊዜ ባለ 5.0 ፊልም በቴሌስኮፑ ፊት ለፊት ማሰር ይበቃል፤ አንድ ሉክ ደግሞ በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛል።

ባለፈው ሳምንት ያው የጀበና እጀታ ያለው ፎቶ በሌላ ስም፣ በ35,000 ብር ማስታወቂያ ላይ ወጥቶ አየሁት። ነበልባሉ አሁንም በግራ በኩል ነው፤ የመጨረሻውን የጎንግ ምስል ከፍቼ ሳነጻጽር በዚያ ጠርዝ ላይ ምንም አልነበረም።