ከደንገጎ ቁልቁለት በኋላ፦ ቀስ በቀስ የሚሻሻል ባለ ሁለት ሾክ ብስክሌት ግምገማ

ድሬዳዋ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ከከዚራ ሳቢያን ለሚመላለስ ሰው ማርሽ እንኳ የሌለው ተራ ብስክሌት ይበቃዋል። የፊትም የኋላም ሾክ ያለው የተራራ ብስክሌት ዋጋው የሚታወቀው መንገዱ ወደ ሐረር ዞሮ የደንገጎ ዳገት ሲጀምር፣ ይልቁንም ከአናቱ ላይ አስፋልቱን ትቶ እረኞችና አህዮች በሚመላለሱበት ድንጋያማ የእግር መንገድ ሲወረድ ነው። ይህ ግምገማ በዚያ መንገድ ላይ ለ14 ወራት የነዳሁትን፣ ያገለገለ ሆኖ የገዛሁትን ብስክሌት ይመለከታል። ጎማው 29 ኢንች፣ ፍሬሙ አሉሚኒየም ሲሆን፣ የፊቱ ሾክ 130 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው ደግሞ በጎማው በኩል ሲለካ 125 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ የምመዝነው ብዙ አምራቾች የሚጋሯቸውን ልኬቶች ስለሆነ፣ ሌላ ስም የተጻፈበት ብስክሌት ያየ ገዥም ሊጠቀምበት ይችላል።

በምርጥ ዕቃ የተሞላ አዲስ ብስክሌት ለመግዛት አቅም አልነበረኝም። ሐሳቤ ፍሬሙ ጥሩ የሆነ፣ የተገጠሙለት ዕቃዎች ግን መካከለኛ የሆኑ ብስክሌት ገዝቼ በየጊዜው አንድ አንድ ዕቃ እየቀየርሁ ማሻሻል ነበር። በእኛ ከተማ ይህ ሐሳብ መሳካቱ ወይም መክሸፉ የሚወሰነው በግዢው ቀን ነው። ታይዋን የሚባለውን የከተማችንን ገበያ ዞሬ ያገኘሁት የውስጥ ጎማ፣ የፍሬን ገመድ፣ ሰንሰለትና ፔዳል ነው፤ የሾክ ጎሚኒም ሆነ ባለ 12 ማርሽ የኋላ ጥርስ የሚደርሰኝ ከውጭ በሚገባ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ በሻንጣ የመጣ ዕቃ ደግሞ ልኩ ባይገጥም የሚመለስበት ሱቅ የለም። በዚህ ምክንያት ሻጩ ማርሹን እየቀያየረ ቅልጥፍናውን ሲያሳየኝ እኔ በካሊፐር ፍሬሙን ስለካ ቆየሁ። ማርሽ ይቀየራል፤ ፍሬም ላይ የተበሳ ቀዳዳ ግን እንደተበሳ ይቀራል።

መጀመሪያ የለካሁት የኋላውን ፐርኖ፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ ነው። አሁን የሚሠሩት የተራራ ብስክሌቶች በአብዛኛው ቡስት የሚባለውን፣ 148 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ፐርኖ ይጠቀማሉ፤ ከእሱ በፊት የተለመደው 142 በ12 ነበር፤ የቆዩትና ርካሾቹ ደግሞ 135 ሚሊ ሜትር ሆኖ በእጅ ማጠፊያ የሚጠብቅ ቀጭን ዘንግ አላቸው። ባለ 135ቱ ዛሬን ያስነዳል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ጠንካራ ጎማ ሊገዛለት በሚነሣበት ቀን የሚገጥመው ጥሩ ሞዞ (የጎማው እምብርት) ማግኘት ይቸግረዋል። የእኔው 148 ነው። የመሪው አንገትም ከላይ አንድ ኢንች ከስምንተኛ፣ ከታች አንድ ኢንች ተኩል የሆነውን የሹካ (የፊቱን ጎማ የሚይዘው፣ የፊቱ ሾክ ያለበት ክፍል) ግንድ ስለሚቀበል፣ ዛሬ የሚሸጡት ጥሩ ሹካዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይገቡለታል። የፔዳሎቹ መዞሪያ ኩሽኔታ በፊሌቶ የሚታሰር መሆኑን ሳይ ደግሞ በእውነት ደስ አለኝ፤ በግፊት ብቻ የሚገባው ዓይነት የደቻቱን ወንዝ ደቃቅ አሸዋ ሲያገኝ መንቋቋት ይጀምራል፣ አውጥቶ ለመመለስም ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ባለ ፊሌቶው ግን በአንድ ቁልፍ ተፈትቶ፣ ተጠርጎና ግራሶ ተቀብቶ ይመለሳል።

በዚህ ፍሬም ላይ ያላረካኝ አንድ ልኬት አለ። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልባት ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ብስክሌቱ ሲወድቅ ፍሬሙ እንዳይጎዳ እሷ ቀድማ እንድትታጠፍ ወይም እንድትሰበር ሆና የተሠራች ናት። ስራም የተባለው አምራች በ2019 ለሁሉም ፍሬሞች የምትሆን አንድ ዓይነት ማንጠልጠያ አውጥቷል፤ ብዙ አምራቾችም ተቀብለዋታል። የእኔ ፍሬም ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ የራሱን ቅርጽ ብቻ ይፈልጋል። ሁለት መለዋወጫ አስመጥቼ አንዷን ሁልጊዜ ከኮርቻው ሥር ባለው ቦርሳ እይዛለሁ። ሁለት ተመሳሳይ ብስክሌቶች ቀርበውለት የሚያማርጥ ሰው ሁለንተናዊውን ማንጠልጠያ ለሚቀበለው ጥቂት ጨምሮ ቢከፍል አይቆጭም።

የኋላው ሾክ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ሾኩ ራሱ 210 ሚሊ ሜትር ርዝመት ሲኖረው 50 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል፤ ጎማው 125 ስለሚንቀሳቀስ፣ ሾኩ አንድ ሲጨመቅ ጎማው በአማካይ ሁለት ተኩል ይሄዳል ማለት ነው። ይህ መጠነኛ ሬሾ በመሆኑ እንደ እኔ ወደ 80 ኪሎ የሚመዝን ነጂ ሾኩን እጅግ ከፍ ባለ ግፊት መሙላት አያስፈልገውም፤ ልኩም ከ2016 ወዲህ ከተለመዱት የሜትሪክ ልኮች አንዱ ስለሆነ ምትክ ይገኝለታል። ነጂው ሲቀመጥበት ሾኩ ከሚጨመቀው 30 በመቶ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሜትር መስመጥ አለበት፤ ይህንንም በዘንጉ ላይ ባለችው የጎማ ቀለበት መለካት ይቻላል። አየሩ የሚሞላው ግን በጎሚስታ ኮምፕሬሰር ሳይሆን ለሾክ በተሠራ የእጅ ፓምፕ ነው፤ የሾኩ የአየር ክፍል በጣም ትንሽ፣ የሚፈልገው ግፊት ደግሞ ከመኪና ጎማ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ በመሆኑ በሌላ መሣሪያ በትክክል መመጠን አይቻልም። ብስክሌቱን ያለዚህ ፓምፕ የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥም ዋጋውን ማስቀነስ ተገቢ ነው።

ሙቀታችን በዚህ ላይ ያለውን ውጤት የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ማለዳ ደንገጎ አናት ላይ በ20 ዲግሪ 180 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) የሞላሁት ሾክ፣ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ወርጄ የድሬን የ35 ዲግሪ ቀትር ሲያገኝ ያው አየር ተለጥጦ ወደ 190 ይጠጋል፤ ኋላው ጠንከር ማለቱም በወገብ ይታወቃል። አሁን ግፊቱን ከላይ ሳለሁ አምስት ያህል ዝቅ አደርገዋለሁ።

ፍሬኑን በሚመለከት አቋሜ የጸና ነው፤ ከዚህ አካባቢ ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያው ማሻሻያ ፍሬን መሆን አለበት። ጫት የጫኑ መኪኖች በሚከንፉበት ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ረጅም ቁልቁለት ሲወረድ ዲስኩ ይግላል፣ ማንሻውም ወደ መሪው እየተጠጋ ይመጣል። ብስክሌቱ ይዞት የመጣው የፊት ዲስክ 160 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ180 ስቀይረው በተመሳሳይ የጣት ኃይል 12.5 በመቶ የሚበልጥ የማቆም ጉልበት አገኘሁ፤ የሚሰፋው ብረት ደግሞ ሙቀቱን ይጋራል። ወጪው ዲስክና አንድ ትንሽ ማስተካከያ ብቻ ነው። ከዘይቱ ጋር በተያያዘ ግን ጉዳት ደርሶብኛል። የእኔ ፍሬን ሺማኖ የተባለው አምራች እንደሚጠቀመው በማዕድን ዘይት የሚሠራ ሆኖ ሳለ፣ አየር እንዲያወጣልኝ የሰጠሁት ጠጋኝ ለመኪና የሚሸጠውን ዶት 4 የተባለ የፍሬን ዘይት ሞላበት፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የማንሻው ጎሚኒዎች አብጠው ፍሬኑ መመለስ እምቢ አለ፣ ማንሻውም እንዳለ ተቀየረ። በዶት የሚሠሩ ፍሬኖች ዘይታቸው በየመኪና መለዋወጫ ሱቁ መገኘቱ ለእኛ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ዶት እርጥበት ስለሚስብ በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ቀለምም ይልጣል። እኔ ከማዕድኑ ጋር ቀጥዬ አንድ ጠርሙስ ቤቴ አስቀምጫለሁ፤ በማጠራቀሚያው ክዳን ላይም የዘይቱን ዓይነት በማይለቅ ቀለም ጽፌበታለሁ።

ጎማን በአጭሩ ልለፈው። የግራር እሾህ ባለበት ምድር ያለ ውስጥ ጎማ፣ በማሸጊያ ፈሳሽ መንዳት ከማንኛውም ሌላ ለውጥ ይበልጥ ከመንገድ ዳር መቆምን ያስቀራል። ይሁን እንጂ ፈሳሹ በእኛ ሙቀት ቶሎ ይደርቃል፤ እኔ በየስድስት ሳምንቱ እጨምራለሁ። ፍሬሙ 2.4 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ ማስገባቱን ከግዢ በፊት በጣት ለክቶ ማረጋገጥ ይገባል።

ማርሹ ባለ 11 ነው፤ ትልቁ የኋላ ማርሽ 51 ጥርሶች ስላሉት ከድሬ እስከ ደንገጎ ያለውን ዳገት ያለ ውርደት ያስወጣል። ወደ ባለ 12 ለመሄድ የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ያስተውል፤ የሺማኖ ባለ 12፣ ከ10 እስከ 51 ያለው ጥርስ በቀድሞው የሞዞ ዘንግ ላይ አይገባም፣ ማይክሮ ስፕላይን የሚባለውን ይፈልጋል፤ ስለዚህ የጥርሱን ዋጋ ብቻ አስልቶ የተነሣ ሰው የሞዞ ክፍልም ይጨመርበታል። እኔ ባለ 11ዱ እስኪያልቅ ድረስ አልነካውም፤ አንድ ማርሽ መጨመር ለዚህ ዳገት የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው።

ሹካውን ግን ለመቀየር ገንዘብ እያጠራቀምሁ ነው። አሁን ያለው ቀጭን በመሆኑ ከደንገጎ በታች ባሉት የድንጋይ እርከኖች ላይ የፊቱ ጎማ ካሰብሁት መስመር ይንሸራተታል። 140 ሚሊ ሜትር የሚጨመቅ ሹካ ስገጥም የመሪው አንገት ግማሽ ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ለቁልቁለት ይህ መልካም ነው፣ ዳገት ላይ ግን የፊቱ ጎማ ትንሽ ይቀልላል። አምራቹ ለፍሬሙ የፈቀደው የመጨረሻው ልክ 140 በመሆኑ ከዚያ በላይ አልሄድም፤ ረጅም ሹካ በአንገቱ ብየዳ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከፍተኛ ነው።

የኋላ ክንዱ የሚታጠፍባቸውን ኩሽኔታዎች በአሥራ አንደኛው ወር ቀየርኋቸው። ከቀየርኋቸው ዕቃዎች ሁሉ እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ ያለ ችግር ያገኘሁት እነዚህን ብቻ ነው፤ ቁጥሩ፣ ለምሳሌ 6902፣ በጎናቸው ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ኩሽኔታ ሻጩ ለምን እንደፈለግሁት እንኳ ሳይጠይቅ ከመደርደሪያው አወረደልኝ። የሾኩ ጎሚኒ ግን አሁንም ዘይት ያልባል፤ ምትኩ በመንገድ ላይ ነው፣ እስኪደርስም ድረስ የምነዳው አስፋልቱን ይዤ እስከ ደንገጎ ብቻ ሲሆን፣ ተመልሼ ስገባ ዘንጉን በንጹሕ ጨርቅ እጠርጋለሁ።