ባዶ መደብር ገዝታችሁ አዳራሽ ለማድረግ ለምታስቡ ሁሉ፤ ፈቃዱን ከዳር ላደረሱልን አርክቴክት የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በዴንቨር ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ያቋቋምነው እድር ለብዙ ዓመታት ሲመኘው የኖረው የራሱ አዳራሽ ጉዳይ እነሆ ፈቃድ አግኝቷል። ቀድሞ የልጆች መጫወቻ ይሸጥበት የነበረውን፣ ከተዘጋ በኋላ ግን ለዓመታት ባዶውን የቆመውን ትልቅ መደብር አድሰን ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለስብሰባና ለልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት እንድንጠቀምበት የከተማው የፕላን ኮሚሽን በድምፅ አጽድቆልናል፤ የግንባታ ፈቃዱም ተከትሎ ወጥቶልናል። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ጉዳዩን ከዳር ላደረሱልን አርክቴክት በሕዝብ ፊት ምስጋና ለማቅረብ ነው። ሁለተኛም እንደ እኛ ባዶ መደብር ለመግዛት የሚያስቡ እድሮች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ነጋዴዎች እኛ የደረሰብን ሳይደርስባቸው ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እንዲገናኙ ለመጠቆም ነው።

በዚህ አገር ባዶ መደብር ማግኘት ከባድ አይደለም። ሰርኪት ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ቶይስ አር አስ በ2018፣ ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ በ2023 መደብሮቻቸውን ሲዘጉ፣ ኬማርትም በየዓመቱ እየተመናመነ ሲሄድ፣ በየከተማው ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ያላቸው ግዙፍ ሕንጻዎች ያለ ተከራይ ቀርተዋል። አባሎቻችንን ያጓጓውም ይኸው ነበር፤ ምሰሶ ያልበዛበት ሰፊ ወለልና መኪና የማያጨናንቀው ግቢ ለእድር የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ሕንጻው ለመደብርነት የተፈቀደ ነው እንጂ ለሕዝብ መሰብሰቢያነት አይደለም፤ በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ የነገረን ሰው እኚህ አርክቴክት እስኪመጡ ድረስ አንድም አልነበረም።

ከእሳቸው በፊት የገጠመን መራራ ነው። የማንንም ስም አላነሳም፤ ዓላማዬ ማንንም መክሰስ አይደለም፤ ነገር ግን ሌላው እንዲጠነቀቅ መነገር አለበት። መጀመሪያ የቀረበን ኮንትራክተር «ሥራው የውስጥ ሥራ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ግድግዳውን ቀብታችሁ፣ ወንበሩን ደርድራችሁ መግባት ትችላላችሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ተቀበለን። ይህ ገንዘብ አባቶችና እናቶች የሌሊት ፈረቃ እየሠሩ፣ ታክሲ እየነዱ፣ አረጋውያንን እየጦሩ በየወሩ ያዋጡት ነው። ሰውየው ስለ ፈቃድ አጥብቀን መጠየቅ ስንጀምር ስልኩን ማንሳት ተወ። ከእሱ በኋላ የመጣው የንድፍ ቢሮ ደግሞ የሚያምር ባለቀለም ሥዕል ሠራልን፤ በየስብሰባው እያሳየን ተደሰትን። ማመልከቻው ሲገባ ግን ከከተማው ገጽ ሙሉ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ፤ ቢሮውም ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቀን ጀመር። ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። የእድራችን ሊቀመንበር፣ በዕድሜ የሁላችንም አባት የሚሆኑ ሰው፣ በትሕትና አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ «አንተ አይገባህም፣ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ላክ» ተብለው መመለሳቸው ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው ያንገበግበኛል።

አርክቴክቷን ያገኘነው ከአባሎቻችን አንዱ በሚሠራበት ቦታ ስላወቃቸው ነው። ሐበሻ አይደሉም፤ የእኛን ባህልም ከዚያ በፊት አያውቁትም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሥዕል እናሳያቸው ብለን ስንዘረጋ ሥዕሉን ወደ ጎን አድርገው የሕንጻውን የባለቤትነት ሰነድ ጠየቁ። ምክንያቱን ሲያስረዱን ትልልቅ ቸርቻሪዎች ሕንጻቸውን ሲለቁ ወይም ሲሸጡ፣ በዚያ ቦታ ላይ ለወደፊቱ ምን ዓይነት ንግድ እንዳይከፈት የሚከለክል ገደብ በሰነዱ ላይ ትተው ሊሄዱ እንደሚችሉ፣ አንዳንዱም የምግብ ሸቀጥ መሸጥን የሚከለክል እንደሆነ ነገሩን። እኛ ደግሞ በአንደኛው ጥግ በርበሬ፣ ሽሮና እንጀራ የሚሸጥበት አነስተኛ ሱቅ አከራይተን የአዳራሹን ወጪ ለመሸፈን አስበን ነበር። ሰነዱን ከጠበቃ ጋር ሆነው መስመር በመስመር አዩት። ከዚያም የግዢው ውል ላይ ከተማው የአገልግሎት ለውጡን ካልፈቀደ ቀብዳችን ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ የሚል አንቀጽ እንዲገባ ጠበቃውን አሳሰቡ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ገና አንድ ዶላር አልተቀበሉንም ነበር። ደላላው ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ቶሎ ፈርሙ እያለ ሲያዋክበን «አትፍረሙ፤ ይህ ሕንጻ ባይሆን ሌላ ይገኛል፤ የሕዝብ ገንዘብ ግን ከጠፋ አይመለስም» ያሉን እሳቸው ናቸው። ሕንጻው ቢቀርብን የእሳቸውም ሥራ አብሮ እንደሚቀር እያወቁ እንዲህ ብለው መከሩን፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ማኅበሩ በሙሉ እምነቱን ጣለባቸው።

ብዙው የሙያ ነገር አልገባኝም፤ ስለ አየር ማቀዝቀዣው፣ ስለ ኤሌክትሪኩ፣ እሳት ሲነሳ ከጣሪያ ውኃ ስለሚረጨው መሣሪያ የተባለውን ሁሉ ላብራራ አልሞክርም። አንዱን ግን ደጋግመው በምሳሌ ስላስረዱን ገብቶኛል፤ ለሌላውም ስለሚጠቅም ልጻፈው። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚከተሉት ኢንተርናሽናል ቢልዲንግ ኮድ የሚባለው ደንብ፣ በቅርብ ዓመታት እትሞቹ፣ ለመደብር ወለል በ60 ስኩዌር ፊት አንድ ሰው ያስባል፤ ጠረጴዛና ወንበር ለተዘረጋበት አዳራሽ በ15፣ ወንበር ብቻ ለተደረደረበት ደግሞ በ7 ስኩዌር ፊት አንድ ሰው ይቆጥራል። እንግዲህ 6,000 ስኩዌር ፊት የሆነ አንድ ወለል ሱቅ ሲሆን ለ100 ሰው የታሰበ ነው፤ ሠርግ ሲሆን ለ400፣ ወንበር ብቻ ሲደረደርበት ከ850 ለሚበልጥ ሰው ይሆናል። ከ500 ሰው በላይ ሲሆን ቢያንስ ሦስት፣ ከ1,000 በላይ ሲሆን አራት መውጫ ያስፈልጋል፤ የመጸዳጃ ቤቱም ቁጥር፣ በተለይ የሴቶቹ፣ ከፍ ይላል። ግድግዳው ያው ነው፣ ጣሪያው ያው ነው፤ ሕጉ የሚያየው ግን በውስጡ የሚሰበሰበውን ሰው ነፍስ ነው። «ቀብታችሁ ግቡ» ያለን ሰው ሊያስገባን የነበረው ሰፊ የፊት በርና ጥቂት የጓሮ በሮች ብቻ ወዳሉት ቤት እንደነበር ያን ጊዜ ተረዳን። ልጆቻችንን ይዘን እሳት ቢነሳ ምን ይሆን ነበር ብዬ ሳስብ ዛሬም እደነግጣለሁ።

አሁን ልረሳው ወደማልችለው ነገር ልምጣ። ከተማው ከጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ብዙ ሰው የሚሰበሰበው መቼ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚሆንና ስንት መኪና እንደሚቆም የሚል ነበር። የቀደመው ቢሮ ለዚህ የሰጠው መልስ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ይመስል ነበር፤ የእኛን ኑሮ አይመስልም። እሳቸው ግን «ይህን ማወቅ የምችለው ከእናንተ ነው» ብለው ከእድሩ እናቶች ጋር እንዲገናኙ ጠየቁ። እናቶቻችን ቡና አፍልተው ተቀበሏቸው፤ እኔ ማስተርጎም ጀመርኩ። «ሰው ሲሞት ምን ይደረጋል? መጀመሪያ የሚመጣው ማን ነው? በስንት ሰዓት? ምግቡን የሚያመጣው ማን ነው? የት ይሞቃል? ሐዘንተኛው የት ይቀመጣል? ሌሊቱን የሚያድር አለ?» እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁ። እናቶችም መርዶ በማለዳ እንደሚነገር፣ ሰው ግን ከሥራ ሲወጣ ማታ ማታ እንደሚጎርፍ፣ ሠልስት ላይ እንደሚበዛ፣ ቅዳሜና እሁድ ከሌላ ስቴት ሳይቀር በመኪና እንደሚመጣ፣ ሁሉም አንድ ላይ እንደማይቀመጥና አንዱ ሲገባ ሌላው እንደሚወጣ ነገሯቸው።

በመካከሉ አንዲት እናት ስለ ወንድሜ አነሱ። የወንድሜ መርዶ ከአዲስ አበባ የመጣ ጊዜ የምኖረው በአፓርታማ ነበር፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሕዝብ ኮሪደሩንና ደረጃውን ሞልቶ፣ የተረፈው በረዶ ላይ ቆሞ ነበር። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ስለደወለ ፖሊስ መጣ፤ ወንድሜን የማለቅሰው ድምፄን ውጬ ሆነ። ይህን ስተረጉም ድምፄ ተቆረጠ። አርክቴክቷ ብዕራቸውን አስቀምጠው እጄን ያዙ፤ ለብዙ ጊዜም ምንም አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ያመጡት ንድፍ ከዋናው አዳራሽ ጎን፣ ከመኖሪያ ቤቶች በራቀው በኩል፣ ግድግዳው ድምፅ የማያሳልፍ አንድ ክፍል ነበረበት። ማንም አልጠየቃቸውም። «ሐዘንተኛ ድምፁን አውጥቶ የሚያለቅስበት ክፍል ነው» አሉን። እናቶቻችን ያን ቀን የመረቋቸውን ምርቃት ቃል በቃል ለመተርጎም አቅም አልነበረኝም።

በይፋዊው የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ቀን አንዳንድ ጎረቤቶች ስለ ጩኸት፣ ስለ መኪና ብዛትና ስለ ምሽት ሰዓት ያላቸውን ስጋት ተናገሩ፤ መብታቸው ነው፣ አንወቅሳቸውም። አርክቴክቷ አስቀድመው ጎረቤቶችን በየቤታቸው እንድንጎበኝና ዕቅዱን እንድናሳያቸው መክረውን ስለነበር ከስጋታቸው አብዛኛው መልስ ተዘጋጅቶለት ነበር። ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። ሊቀመንበራችን «እንግሊዝኛ የሚችል ይናገር» ብለው ሲሸሹ አርክቴክቷ «እርስዎ በአማርኛ ይናገሩ፤ አስተርጓሚ ጠይቄያለሁ» አሏቸው። በዚያ ቢሮ አንገታቸውን ደፍተው የወጡት አባት በከተማው ሸንጎ ፊት ቆመው በገዛ ቋንቋቸው እድር ምን እንደሆነ፣ ሰው በሰው አገር ብቻውን እንዳይቀበር ለምን እንደተዋጣ ተናገሩ። ከኮሚሽኑ አባላት አንዷ ስለ ምሽቱ ሰዓት ሲጠይቁ ደግሞ አርክቴክቷ የእናቶቻችንን ምስክርነት ከነሰዓቱ፣ ከነመኪናው ቁጥር አስቀመጡላቸው። ኮሚሽኑ የመዝጊያ ሰዓት እንድንጠብቅ፣ የመኪና ማቆሚያውን መብራት እንድናስተካክልና ዛፍ እንድንተክል በሚሉ ግዴታዎች አጽድቆ አለፈ። ሁሉም ልንፈጽማቸው የምንችላቸው ነበሩ።

የሚያስመሰግናቸው ሌላው ነገር «አይሆንም» ማለት መቻላቸው ነው። ትልቅ የወጥ ቤት ፈልገን ሳለ በጀታችንን አይተው በሁለተኛ ዙር እንድንሠራው አሳመኑን። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ሕንጻ ሲታደስ ከመኪና ማቆሚያው እስከ አዳራሹና እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለው መንገድም አብሮ መስተካከል እንዳለበት፣ ለዚህ መንገድ የሚጠየቀው ወጪ እስከ እድሳቱ ወጪ 20 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ከመጀመሪያው ነግረውን በበጀት ያዝነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ አባቶቻችን ከእንግዲህ በሰው ትከሻ ሳይሆን በራሳቸው ይገባሉ። የሚያስከፍሉት በጽሑፍ የተስማማነውን ብቻ ነው፤ ከተማው ጥያቄ በላከ ቁጥርም ተጨማሪ ሂሳብ አልላኩልንም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ባዶ መደብር ዓይናችሁ የገባ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እኚህን ሴት አነጋግሩ፤ እሳቸው ባይመቿችሁ እንኳ እንደሳቸው ሰነድ አንብቦ፣ ከተማውን ጠይቆ እውነቱን የሚነግራችሁን ሰው ፈልጉ። ብዙ ከተሞች ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት ከፕላን፣ ከእሳት አደጋና ከግንባታ ክፍል ባለሙያዎች ጋር የቅድመ ማመልከቻ ስብሰባ ያደርጋሉ፤ እሳቸውም ሥራ የሚጀምሩት ከዚያ ነው። አርክቴክቷን በእድራችን አባላት ሁሉ ስም ከልብ እናመሰግናለን፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ልጆቻቸውን ይባርክላቸው።

ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ ያልጻፍኩት ራሳቸው ስለጠየቁኝ ነው፤ ለሚፈልግ ሁሉ በግል መልእክት እሰጣለሁ። ለመጀመሪያው ውይይት አያስከፍሉም። ስትደውሉላቸው የሕንጻውን ትክክለኛ አድራሻ፣ የባለቤትነት ሰነዱን ቅጂ፣ ከተገኘ የድሮውን የሕንጻ ፕላን፣ እንዲሁም በአዳራሹ በአንድ ጊዜ የሚሰበሰበውን ሰው ብዛት በቅን ግምት ጽፋችሁ አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነዚህን ነው።