ዐሥር ቀን ያለ ንግግር፦ የቪፓሳና ሥልጠና እንዴት ነው?

የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ ያልለየለት፣ ሥራው ነገ ይኑር አይኑር የማያውቅ፣ ከአገር ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር ልቡ ድንግጥ የሚልበት ሰው በስደት ከምንኖር ወገኖች መካከል ብዙ ነው። እንዲህ ላለ ሰው «አይዞህ» ከማለት ያለፈ ነገር የሚሰጥ አገልግሎት ስፈልግ ነበር ወደ ቪፓሳና ሜዲቴሽን (ከቡድሃ ትምህርት የመጣ፣ ትንፋሽንና የሰውነትን ስሜት በዝምታ የመመልከት ዘዴ) ሥልጠና የገባሁት፤ ከጠበቅሁት በላይ ከባድ ቢሆንም ለወዳጅ የምመክረው ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሥልጠናውን በዓለም ዙሪያ ያስፋፉት በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ተወልደው ያደጉት ትውልደ ሕንዳዊ ነጋዴ ኤስ. ኤን. ጎይንካ ናቸው። ጎይንካ በማይግሬን (በከባድ የራስ ምታት) ሲሠቃዩ፣ በበርማ መንግሥት ከፍተኛ የሒሳብ ሹም ከነበሩት ከኡ ባ ኪን ዘዴውን ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ሕንድ ውስጥ ማስተማር ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ካረፉ በኋላም ትምህርቱ የሚሰጠው በእርሳቸው የድምፅና የምስል ቅጂ ነው። ክፍያ የለውም። የምግቡና የመኝታው ወጪ የሚሸፈነው ቀደም ብለው ሥልጠናውን በጨረሱ ሰዎች ልግስና ሲሆን፣ ምግብ የሚያበስሉትም በነጻ የሚያገለግሉ የቀድሞ ሠልጣኞች ናቸው።

ደወሉ የሚደወለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። መብራት እስከሚጠፋበት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ በድምሩ ዐሥር ሰዓት ያህል ለሜዲቴሽን ይቀመጣሉ። ምግቡ ሥጋ የለውም፤ ከምሳ በኋላ ለአዲስ ሠልጣኝ የሚቀርበው በ11 ሰዓት ፍራፍሬና ሻይ ብቻ ስለሆነ ጾም የለመደ ሰው ብዙም አይቸገርም። ስልክ፣ መጽሐፍና ማስታወሻ ደብተር መግቢያው ላይ ያስረክባሉ፤ ከሌላው ሠልጣኝ ጋር በዓይን እንኳ መነጋገር አይፈቀድም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽን ብቻ በመከታተል ያልፋሉ። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ግን በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ እጅና እግር ሳይዘረጉ፣ ዓይን ሳይገልጡ መቀመጥ ይጠየቃል። ጉልበቴ ላይ የጀመረው ሕመም መጀመሪያ እንደ ፍም ያቃጥል ነበር፤ ቦታውን ሳልለቅ ባየሁት ቁጥር ወደ ጭን ሲዛወር፣ ሲቀዘቅዝ፣ ተበታትኖ ንዝረት ብቻ ሲሆን፣ መልሶም ሲነሣ ተመለከትሁ። ሳልሸሸውና ሳልረግመው መቆየት እንደምችል ያወቅሁት በዚያ ሰዓት ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ መልስ መጠበቅም ከዚህ ብዙ አይለይም። ሌላው ትልቅ ነገር፣ የሚያናግርህም የሚያይህም በሌለበት ይሉኝታ ሥራ ማጣቱ ነው። ለሰው ብዬ የያዝኋቸው ዕቅዶችና ለሰው ብዬ የዋጥኋቸው ቅሬታዎች ተለይተው ወጡልኝ፤ የትኛው ኑሮ የራሴ እንደሆነ ራሴን በቅንነት የጠየቅሁትም ያን ጊዜ ነው።

ቅር ያለኝን ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። በሥልጠናው ጊዜ ጸሎት እንዲቆም፣ መቁጠሪያም እንዳይገባ ደንቡ ያዝዛል። ማንም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ባይጠየቅም፣ ሱባኤን በጸሎት ለሚያውቅ አማኝ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ከመመዝገቡ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመክር መልካም ነው። በፓሊ፣ በጥንቱ የቡድሂስት መጻሕፍት ቋንቋ፣ የሚሰማው ዜማም ለማያውቀው ሰው ረጅም ነው። ከሁሉ በላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሊሞክረው አይገባም፤ ይህ ሥልጠና ሕክምናን አይተካም።

ከወጡ በኋላ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሰዓት መቀመጥ ይመከራል፤ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ይህን መያዝ ከዐሥሩ ቀን ይበልጥ ይከብዳል፤ እኔም እስካሁን የጸናሁት በጠዋቱ ላይ ነው። ሊሄድ ያሰበ ሰው ከሥራው ዐሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ ይውሰድ፦ መግቢያው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ መውጫው በዐሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ነው።