ዝምታን የሚናገር ማንቂያ፦ ሄልዝቼክስን ኮምቦልቻ ላይ ለወራት ስጠቀም ያየሁት

ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) አለን የሚል ድርጅት ብዙ ነው። ባክአፑ ትናንት ማታ መሥራቱን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የምሠራው ኮምቦልቻ ውስጥ የሕንፃ ዕቃ በጅምላ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው። ደሴ ላይም ቅርንጫፍ አለን። ሽያጩ፣ ስቶኩ፣ የዱቤ ደንበኞች ሒሳብ፣ ሁሉም ያለው አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ላለፉት ወራት የዚህን ሰርቨር ባክአፕ የሚጠብቅልኝ ሄልዝቼክስ ዶት አይኦ የሚባል አገልግሎት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ስለሆነ ያየሁትን ልጻፍ።

አብዛኛው የባክአፕ ፕሮግራም ሥራው ሲከሽፍ ኢሜይል ይልካል። መብራት ከሄደ ግን ኢሜይሉን የሚልከውም ማሽን አብሮ ጠፍቷል። ሄልዝቼክስ ነገሩን ገልብጦ ነው የሚያየው። ባክአፑ በተሳካ ቁጥር ሥራውን የሚያስኬደው ስክሪፕት (አጭር የትእዛዝ ፋይል) ወደ አንድ የኢንተርኔት አድራሻ አጭር ምልክት ይልካል። ምልክቱ በሰዓቱ ካልደረሰ አገልግሎቱ ከውጭ ሆኖ ይጮሃል። ሌሊት ፊሽካ እየነፋ የሚዞር ዘበኛ እንደማለት ነው፤ ፊሽካው ሲቋረጥ ነው የምትነሣው።

እኛ ጋ ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው። ባክአፕ የሚያበላሹት ነገሮች አብዛኞቹ ድምፅ የላቸውም። መብራት ይሄዳል፣ ዩፒኤሱ ትንሽ ይቆይና ያልቃል። ኮኔክሽን ይቋረጣል። አንድ ሰው ውጫዊ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ነገር ይሰካል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም «ከሸፍኩ» ብሎ አይናገርም።

አገጣጠሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚያ ነው። የሽያጭ ፕሮግራማችን መረጃውን የሚያስቀምጠው ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ላይ ነው። ነፃ የመረጃ ቋት ፕሮግራም ነው፤ ለአነስተኛ ድርጅት ይበቃል። ነገር ግን ኤክስፕረስ ውስጥ «ኤጀንት» የሚባለው ክፍል የለም። በሚከፈልበት የኤስኪውኤል ሰርቨር ዓይነት ላይ በቀጠሮ ባክአፕ የሚያደርገውና ሲበላሽ የሚያሳውቀው እሱ ነው። ስለዚህ ሥራን በቀጠሮ በሚያስነሣው የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር የሚነሣ ስክሪፕት መጻፍ ግድ ይሆናል።

ስክሪፕቱ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ኤስኪውኤል ሲኤምዲ በሚባለው መሣሪያ ነው። እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መሣሪያው «ቢ» (-b) የሚለው አማራጭ ካልተጨመረበት ባክአፑ ቢከሽፍ እንኳ ዜሮ ቁጥር ይመልሳል። ዜሮ ማለት ደግሞ ሰላም ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስክሪፕት ላይ ማንቂያ ቢገጠም ማንቂያው ራሱ ዋሾ ይሆናል። «ቢ» ሲጨመር ግን እውነተኛው የመውጫ ቁጥር ይመጣል። ሄልዝቼክስ ያንን ቁጥር ከአድራሻው ጫፍ ላይ ይቀበላል። ዜሮ ከሆነ ተሳክቷል፣ ሌላ ቁጥር ከሆነ ጊዜው እስኪያልፍ ሳይጠብቅ ወዲያው ያሳውቃል። የስህተቱን ጽሑፍም አብሮ መላክ ይቻላል። ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ። ዲስኩ ሞልቶ ባክአፑ በቆመ ጊዜ ምክንያቱን ያነበብኩት ከቤት ሆኜ ነው።

ሰዓቱም ማሰብ ይፈልጋል። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው የምናስነሣው። የሄልዝቼክስ ገጽ ላይ ይሄ 20:00 ተብሎ ነው የሚገባው። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ተብሎ ካልተመረጠ ደግሞ ቀጠሮው 3 ሰዓት ይዛባል። ብዙ ቦታ ባክአፕ እኩለ ሌሊት ይደረጋል፤ እኔ ማታውን የመረጥኩት ማንቂያው ሲመጣ ሰው ገና ስላልተኛ ነው። እሑድ ዝግ ስለሆንን ቀጠሮው ላይ እሑድን አውጥቼዋለሁ። ይሄን ባላደርግ በየሳምንቱ ከንቱ ጩኸት ይመጣ ነበር። ከንቱ ጩኸት የለመደ ሰው ደግሞ እውነተኛውንም አይከፍተውም። የመታገሻ ጊዜ የሚባልም አለ፤ ምልክቱ ሲዘገይ ከመጮሁ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ ነው። ሳይነካ ከተተወ 1 ሰዓት ነው፤ እኔ 2 ሰዓት አድርጌዋለሁ። ኮኔክሽን ደክሞ ምልክቱ ቢዘገይ እንኳ ይደርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምዴ። ለአንድ ሰርቨር አንድ ማንቂያ ብቻ መክፈት አይበቃም። እኔ ሦስት ከፍቻለሁ። አንዱ ኮምቦልቻ ሰርቨሩ አጠገብ ላለው ዲስክ፣ አንዱ ደሴ ቅርንጫፍ ለሚሄደው ቅጂ፣ አንዱ ክላውድ ላይ ለሚወጣው። ምልክቱ ከየትኛው እንደቀረ ሲታይ ችግሩ ግማሽ ተፈቷል። ሦስቱም አንድ ላይ ዝም ካሉ ወይ መብራት ነው ወይ ኮኔክሽን። የክላውዱ ብቻ ከቀረ የይለፍ ቃል ወይም ቦታ የመሙላት ነገር ነው። የደሴው ብቻ ከቀረ ደሴ ያለችው እህታችን ጋ እደውላለሁ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ጠፍቶ ነው።

ለምን ሦስት ቦታ የሚል ይኖራል። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት። ለእሳትና ለሌባ ይሄ ርቀት ይበቃል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች በአንድ ሰሞን ነው የነካቸው። ኮምፒውተሩን ከነመረጃው ያጣ ድርጅት ብዙ ነው። የዱቤ መዝገቡን ያጣ ነጋዴ ማን ስንት እንዳለበት በቃል ነው የሚያስታውሰው። ስለዚህ ከሁለቱም ከተማ ውጭ አንድ ቅጂ መኖር አለበት፤ ያ ቅጂ በየቀኑ መድረሱን የሚናገር ነገርም መኖር አለበት።

በእነዚህ ወራት ከተያዙት ችግሮች አንዱን በተለይ ልንገራችሁ። ዊንዶውስ ራሱን አዘምኖ ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሣው። ማሽኑ በርቷል፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል፣ ገንዘብ ተቀባዮቹም ሲሸጡ ዋሉ። ማታ ግን ምልክት የለም። ምክንያቱ ታስክ ስኬጁለር ላይ ሥራው «ተጠቃሚ ገብቶ ሲገኝ ብቻ» በሚለው ላይ መሆኑ ነበር። ከተነሣ በኋላ ሰርቨሩ ላይ የገባ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሥራው አልተነሣም። ስህተት የሚባል ነገር የትም አልተመዘገበም፤ ያልተጀመረ ሥራ አይከሽፍምና። በኢሜይል የሚያሳውቅ ፕሮግራም ይሄን በጭራሽ አይነግረንም ነበር። ይሄ አማራጭ ተቀይሮ ሲስተካከል ደግሞ ሌላ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሥራው የይለፍ ቃሉን አብሮ ይይዛል። የዊንዶውሱ የይለፍ ቃል በተቀየረ ቁጥር እዚያም መቀየር አለበት።

ማንቂያው የሚመጣው ቴሌግራም ላይ ነው። አንድ ግሩፕ ከፍተን የአገልግሎቱን ቦት አስገባንበት። እኔ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋና ባለቤቱ ሐጂ አለንበት። ሐጂን ማስገባቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቀይ መልእክት ሲያዩ ይደውሉልኝ ነበር፦ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው?» ይላሉ። «አብሽሩ ሐጂ፣ መብራት ነው፤ ሲመጣ አስነሣዋለሁ» እላቸዋለሁ። ከዚያ አረንጓዴው መልእክት ሲመጣ ያርፋሉ። አሁን ለአዲስ ሃርድ ዲስክ ገንዘብ ስጠይቅ ለምን ብለው አይከራከሩም። ነገሩን በዓይናቸው አይተውታል።

ቴሌግራም ብቻውን ግን አይታመንም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት መቋረጡን የማያስታውስ የለም። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ እዚህ ያለነው ሁላችንም ማንቂያውን አናየውም። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ያለው የሐጂ ልጅ ኢሜይል አብሮ የተመዘገበው። እሱ ሲደርሰው በተራ ስልክ ይደውላል። ቀላል መፍትሔ ነው፤ ምንም አያስከፍልም።

ስለ ዋጋው አጭር ነው። ነፃው 20 ማንቂያ ይፈቅዳል። ለእኛ ዓይነት ድርጅት ከበቂ በላይ ነው። የሚከፈለውን የሚፈልግ ሰው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያስፈልገዋል፤ እዚህ አካባቢ ይሄ ቀላል አይደለም። ኮዱ ክፍት ስለሆነ በራስ ሰርቨር ላይ መጫንም ይቻላል። እኔ ግን አልመክርም። እዚያው ቢሮ ውስጥ ከተቀመጠ መብራት ሲሄድ ጠባቂውም አብሮ ይተኛል።

ድክመቱን አልደብቅም። ገጹ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛዋን ለማስለመድ አብረን መቀመጥ ነበረብን። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዲስኩ ላይ ያለው ባክአፕ በደንብ ተሠርቶም ማንቂያ ይመጣል። አድራሻውን የያዘ ማንም ሰው ምልክት መላክ ስለሚችል ስክሪፕቱን ለሌላ ሰው ሲሰጡ አድራሻውን ማውጣት ግድ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ሄልዝቼክስ የሚያውቀው ስክሪፕቱ የነገረውን ብቻ ነው። ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ አያይም። ስለዚህ ስክሪፕቱ ምልክት ከመላኩ በፊት ሥራ እንዲሠራ አድርጌዋለሁ። ባክአፑን ያነበዋል፣ መጠኑን ከትናንቱ ጋር ያስተያያል፤ በጣም ካነሰ ከሽፏል ብሎ ይልካል።

ይሄም ቢሆን ፋይሉን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ከፍቶ የማየትን ያህል አይሆንም። እሱን የሚሠራው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ሥራ ሲበዛበት ይረሳል። በተለይ ሰኔ ላይ፣ ቆጠራና የዓመት መዝጊያ ሲደራረብ። ለዚህ አራተኛ ማንቂያ ከፈትኩ፤ ጊዜው 30 ቀን ነው። ምልክቱን የሚልከው ስክሪፕት አይደለም። ባክአፑን አሮጌው ላፕቶፕ ላይ መልሰን፣ የዱቤ ደንበኞችን ሒሳብ ከፍተን፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ሁለት ሦስት ስም ከወረቀቱ ጋር ካስተያየች በኋላ ሊንኩን የምትነካው እሷ ናት። ካልነካችው ግሩፑ ላይ ቀይ መልእክት ይመጣል፤ ሐጂም ያዩታል።